የሕሙማን መከታተያ ማዕከል፦ ከስክሪኑ ዋጋ ባሻገር

አዲስ የግል ሆስፒታል ለመክፈት ወይም ያለውን ለማስፋፋት ለተነሳ ባለሀብት ከሚቀርቡለት ፕሮፎርማዎች አንዱ የሕሙማን መከታተያ ማዕከል ነው። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። በየአልጋው ራስጌ ያለው ሞኒተር የሕመምተኛውን የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ አተነፋፈስና በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ ልኬቱም በኬብል ወይም በገመድ አልባ መስመር ነርሶች ወደሚቀመጡበት ሥፍራ ይተላለፋል። እዚያ በተተከለው ስክሪን የብዙ አልጋዎች መረጃ ጎን ለጎን ይታያል፤ ከተወሰነለት ልክ የወጣ ሲኖር ደወል ይጮኻል።

በዓለም ገበያ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳው መካከል የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ፣ የአሜሪካው ጂኢ ሄልዝኬር፣ የጃፓኑ ኒሆን ኮህደንና የጀርመኑ ድሬገር ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የቻይናው ማይንድሬይም በ2008 የአሜሪካውን የዳታስኮፕ የሞኒተር ክፍል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ በመግዛት ከነዚሁ ጋር ተሰልፏል።

ለአስመጪው ምርጫው ሰፊ ነው፤ ለገዢው ግን ወጥመድም አለው። የአንዱ ኩባንያ ሞኒተር ከሌላው ኩባንያ ማዕከል ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይገናኝም። ዋጋ ረከሰ ብሎ ከየአቅጣጫው የለቃቀመ ሆስፒታል በመጨረሻ የሚተርፈው የተበታተነ ሞኒተር እንጂ ማዕከል አይደለም።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የነርስ ደመወዝ ይቆጥብልኛል ብሎ የሚገዛ ሰው የአሜሪካን ተሞክሮ ቢያጤን ይበጀዋል። የዚያች አገር ሆስፒታሎችን ደረጃ የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከመሣሪያ ደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለትና 80ዎቹ በሞት እንደተደመደሙ ገልጿል። ከሚጮኹት ደወሎች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የባለሙያ እርምጃ የማያሻቸው መሆናቸውንም አመልክቷል። ቀኑን ሙሉ በከንቱ የሚጮኽ ደወል የሰሚውን ጆሮ ያደነዝዛል፤ እውነተኛው ጥሪ ሲመጣም ከጩኸቱ ጋር ተደባልቆ ያልፋል።

መፍትሔው የግድ ሌላ ግዢ አይደለም። ቦስተን ሜዲካል ሴንተር በአንድ የልብ ሕሙማን ክፍሉ የደወሎቹን ልክ እንደገና ወስኖ፣ ነርሶችም እንደየሕመምተኛው ሁኔታ እንዲያስተካክሉት ሥልጣን ሰጥቶ፣ በሳምንት 87,823 የነበረውን ደወል ወደ 9,967 አውርዷል። ለዚህም ተጨማሪ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ወደ አገራችን ገበያ ስንመለስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡን በመጀመሪያው ግዢ ብቻ መዝጋት አያዋጣም። ደረት ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ የግፊት መለኪያው ጨርቅና ኬብሎች በየጊዜው ያልቃሉ ወይም ይበላሻሉ፤ መተኪያቸውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

መብራት ሲጠፋም የአልጋው ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ባትሪ ይቆያል፤ የማዕከሉ ኮምፒዩተርና የኔትዎርኩ ዕቃ ግን ዩፒኤስ ከሌላቸው ወዲያው ይዘጋሉ። ነርሷ በሁሉም አልጋ ላይ ዓይኗን የምታጣው በዚያች ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ፕሮፎርማው እነዚህን ማካተቱን ይመርምር፦ ማዕከሉ ስንት አልጋ እንዲያስተናግድ ፈቃድ እንዳለው፣ የመለዋወጫና የአላቂ ዕቃ ዋጋ፣ ዩፒኤስ፣ የጥገና ውልና የነርሶች ሥልጠና። እነዚህን አሟልቶ የሚቀርብ አስመጪም ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ደንበኛውን አያጣም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ስክሪኑን ለመስቀል አንድ ቀን ይበቃል፤ ለደወሉ ፈጥኖ የሚነሳ ሰው ማዘጋጀት ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል።