ውሃ አፍልቶ ፍሎራይድን ማስወጣት አይቻልም

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጥርሱ የበለዘ ልጅ ሲታይ «መፋቂያ አያውቅም» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ይብሳል፦ «ውሃውን አፍሉት፣ ውሃ አጋር ጨምሩበት»። ምክሩ ለተቅማጥና ለታይፎይድ ደግ ነው፤ ማንም እንዳይተወው። ጥርስን ለሚያበልዘው፣ በውሃው ውስጥ ላለው ፍሎራይድ ግን ከንቱ ነው። ፍሎራይድ ተባይ አይደለምና በውሃ አጋር ክሎሪን አይሞትም፤ ከእንፋሎትም ጋር አይሄድም። እሳት ላይ የቆየ ወጥ ጨው እንደሚበዛበት፣ ብዙ የፈላ ውሃም ፍሎራይዱ ይጠናበታል።

ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ከ8 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚጠጣ ውሃ የፊት ጥርስን አያበልዝም፤ አስቀድሞ የበለዘውንም መፋቂያ አያነጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። መጠኑ ከዚህ እጅግ ሲያልፍና ዓመታት ሲቆጠሩ ጉዳቱ አጥንት ይደርሳል፤ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየው ይኸው ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ፍሎራይዱ ከየት እንደሚመጣ ወደ መንገሩ ልግባ። ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ተራራው ወደ ሸለቆው ከሚወርድበት በታች ትገኛለች። በጉራጌ ተራሮች ላይ የዘነበው ውሃ ወደ ምድር ሲሰርግ ካልሲየም ይይዛል። ካልሲየም ፍሎራይድን ካገኘ አብሮት ጠጥሮ ይዘቅጣል፤ ውሃውም ይተርፋል። ችግሩ የሚጀምረው ውሃው ሸለቆው ውስጥ በእሳተ ገሞራ አመድና በጥንት የሐይቅ ደለል መካከል ሲጓዝ ነው። በደለሉ ውስጥ ያለው ሸክላ ካልሲየሙን ይነጥቅና በምትኩ ሶዲየም ይሰጠዋል። ከአመዱ የሚሟሟውን ፍሎራይድ የሚያዘቅጥ ነገር ከዚያ ወዲያ የለም። ውሃው መሬት ውስጥ በቆየ ቁጥር ፍሎራይዱ ይጨምራል። ስለዚህ «ጥልቅ ጉድጓድ ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይሠራም። ሳሙና ቶሎ የሚያረፋው፣ ሰው የሚያመሰግነው ለስላሳ ውሃ ደግሞ ካልሲየም ያነሰው ነውና መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጠርጠር ግን መፍረድ አይደለም፤ ልስላሴ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ይቆጡኛል። ጥፋተኛው አመዱ ነው ወይስ ከታች የሚወጣው የጋለ ውሃና ጋዝ? እኔ አመዱን እወነጅላለሁ፤ ፍል ውሃ ባለበት አካባቢ ግን የእነሱ ክርክር ያሸንፋል። ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ የተራራቀ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የጎረቤት ጉድጓድ ምርመራ ለእናንተ አይመሰክርም። ውሃውን ማጣራት ከተፈለገ፣ የከሰለ አጥንትም ሆነ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ፍሎራይድን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አጥንቱ ሲጠግብ መቀየር አለበት፣ የአሉሚኒየሙም ልክ ካልተጠበቀ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

የቆሼ ሰው የውሃ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ የምጠጣው ጉድጓድ ፍሎራይዱ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ነው? ከ1.5 በላይ ከሆነ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጠጫ የጣራ ዝናብ አጠራቅሙ። እሱን ግን አፍሉት።