ያገለገለ ቪትዝ ሲገዛ፦ የደረጃ ምልክትና እውነተኛ ዋጋ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ለነጋዴው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ከነዚህም አንዱ የቶዮታ ፋብሪካ ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የሠራው ሁለተኛው ዓይነት ቪትዝ ነው። ሻጩ ስለ ደረጃው ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ገዢው የሚከፍልበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች ሦስት ናቸው። «ኤፍ» የተለመደው ሲሆን፣ «ዩ» በውስጥ ዕቃና በጌጥ ይበልጠዋል፤ «አር ኤስ» ደግሞ 1.5 ሊትር ሞተር ያለው፣ ለፍጥነት ወዳድ የተሰናዳ ነው። ጌጥ በዕድሜ ብዛት ያረጃል፤ ምልክቱም ተገዝቶ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ሊጨመርለት የሚገባው ሞተሩ ነው።

የ1.0 ሊትሩ ሞተር ሦስት ሲሊንደር፣ የ1.3 ሊትሩ ግን አራት ሲሊንደር አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ባለ 1.0 ሊትሩ ሰው ብቻ ለሚያመላልስ ይበቃል፤ ዕቃ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ባለሱቅ ግን ባለ 1.3 ሊትሩ ይሻላል።

ከሞተሩ ቀጥሎ ካምቢዮው ይመርመር። ብዙዎቹ በብረት ቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ሲሆኑ፣ ፋብሪካው ካዘዘው ዘይት በቀር ሌላ ዘይት ይጎዳቸዋል። ሲነሣ የሚርገበገብ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ፣ ከግዢው መራቅ ይበጃል።

ሦስተኛው ጉዳይ መሪው ነው። በጃፓን መኪና የሚነዳው በመንገድ ግራ ስለ ሆነ፣ ቪትዝ ከፋብሪካ ሲወጣ መሪው በቀኝ ነው፤ በግራ ከተገኘ ኋላ የተዛወረ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ያሪስ ግን አብዛኛው ከመነሻው ግራ መሪ ነው። መሪው በተዛወረበት አውቶሞቢል ላይ ብየዳው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና የአየር ከረጢቱ በታመነ መካኒክ ሳይታዩ ቀብድ አይከፈል።

በመጨረሻም በአውቶሞቢሉ ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ይመሳከሩ፤ የሞተሩም መጠን በሊብሬው ይታይ። ሥራ በሚገባ የሚሠራ «ኤፍ» ካምቢዮው ከደከመ «ዩ» ይበልጣል። ለምልክት የወጣ ገንዘብ ከሱቁ መነሻ ካፒታል የጎደለ ነው።