የኒውክሌር ኃይል፦ ከጢሱ ይልቅ ረመጡ

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ሰሞን መንግሥት የኒውክሌር ማመንጫ የመገንባት ዕቅድ እንዳለው ተናገረ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮስአቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በተነሣ ቁጥር አንዱ “ሥልጣኔ ነው” ይላል፣ ሌላው ቼርኖቤልን ይጠራል። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ግን ሁለቱም እምብዛም አያነሡትም።

የኒውክሌር ማመንጫ ሲጠቃለል ውኃ የሚያፈላ ፋብሪካ ነው። ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዓይነት፣ ዩራኒየም 235 የሚባለው፣ 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ለአብዛኞቹ ማመንጫዎች ይህ መጠን ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲደርስ ይደረጋል። ለቦምብ የሚፈለገው ወደ 90 በመቶ ስለሆነ፣ ሪአክተር የሚባለው የማመንጫው ምድጃ እንደ ሂሮሺማው ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። ነዳጁ የጣት ጫፍ የምታህል ጠንካራ እንክብል ሆኖ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ውስጥ ይደረደራል። ኒውትሮን አንዱን አቶም ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ሙቀትና ሌሎች ሁለት ሦስት ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነሱም ሌላውን ይመታሉ። ሙቀቱ ውኃውን እንፋሎት ያደርገዋል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ከተርባይኑ ወዲያ ያለው ከሌላው ማመንጫ አይለይም። አንዷ እንክብል የምትሰጠው ሙቀት ወደ አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ይጠጋል። ከሙቀቱ ግን ኤሌክትሪክ የሚሆነው ሲሶው ገደማ ነው። የቀረው ወደ ባሕር፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ አየር ይለቀቃል።

ጢስ የለውም የሚባለው እውነት ነው፤ ከትልልቆቹ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ደመና ተን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ከማዕድን ማውጣቱ እስከ ማፍረሱ ተደምሮ ኒውክሌር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። የድንጋይ ከሰል 820 ነው። ከሰል ለምታነድ ደቡብ አፍሪካ ይህ ትልቅ ክርክር ነው። መብራቷን ከሞላ ጎደል ከውኃ ለምታገኘው ኢትዮጵያ ግን ያን ያህል አያስኬድም። የእኛ ምክንያት መሆን ያለበት ድርቅ ነው፤ ወንዝ ሲጎድል ምን እናበራለን የሚለው።

አደጋውን ለመረዳት ረመጥን ማሰብ ይበቃል። ሪአክተር ሲጠፋ መሰነጣጠቁ በሰከንዶች ይቆማል፤ ከስንጥቁ የተፈጠሩት ራዲዮአክቲቭ ቁሶች ግን መንደዳቸውን አያቆሙም። በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከሙሉ ሙቀቱ 6 ወይም 7 በመቶ ያህል ይቀራል፤ በትልቅ ሪአክተር ይህ 200 ሜጋ ዋት ሙቀት ነው። ስለዚህ ከጠፋም በኋላ ውኃ ሊቋረጥበት አይገባም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ጃፓን ውስጥ ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሪአክተሮቹ በደንቡ ጠፉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጣው ሱናሚ ግን ውኃ የሚገፉትን ፓምፖች የሚያንቀሳቅሱ ጄኔሬተሮችን አሰመጠ፤ የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅም በራሱ ሙቀት ቀለጠ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የደረሰው የቼርኖቤል አደጋ ሌላ ነው። እዚያ የሪአክተሩ ንድፍ ራሱ አደገኛ ነበር፣ በላዩም ጨረሩን አፍኖ የሚይዝ ጠንካራ ሕንፃ አልነበረውም። በጥቂት ወራት ውስጥ 30 ያህል ሠራተኞችና እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ብዙ ሕፃናትን የጎዳው ግን ወተት ነው። ከሪአክተሩ ያመለጠው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን 131 ሣሩ ላይ አረፈ፣ ላሟ ጋጠችው፣ ልጁ ጠጣው፣ አንገቱ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢም ሰበሰበው። ከዓመታት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ በልጅነታቸው የተጋለጡ ሰዎች የታይሮይድ ካንሰር ያዛቸው፤ ደግነቱ አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል። ጎረቤት ፖላንድ ሞስኮ እስክትናገር ሳትጠብቅ በቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች ንጹሕ አዮዲን አጠጣች። በቁጥር ከተሄደ የከሰል ጢስ በየዓመቱ የሚገድለው ሰው ከዚህ ሁሉ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን መሸሸግ ተገቢ አይደለም።

አደጋ ባይደርስም የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እሱም የሚጀምረው ከማዕድኑ ነው። ኒጀር ውስጥ አርሊት አጠገብ ያለው የአኩታ ማዕድን ለአሥርተ ዓመታት የፈረንሳይን ሪአክተሮች መግቦ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዘጋ፣ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የተፈጨ ድንጋይ በረሃው ላይ ተቆልሎ ቀረ። ዩራኒየሙ ቢወሰድም ራዲየሙና ቶሪየሙ ቁልሉ ውስጥ ስላሉ፣ ከመጀመሪያው ጨረር አብዛኛው እዚያው ነው። ነፋስ ሲነሣ አቧራው ወደ ሰው ይሄዳል። ስለ ንጹሕ ኃይል ሲወራ አርሊት ብዙ ጊዜ አትነሣም።

ቀጥሎ ውኃ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የጎልፌሽ ማመንጫ የጋሮን ወንዝ ሙቀት 28 ዲግሪ ሲደርስ ሥራውን ለመግታት ይገደዳል፤ ዓሣው ሊያልቅ ነዋ። ከባሕርም ከትልቅ ወንዝም የራቀው የአሪዞናው ፓሎ ቨርዴ ደግሞ የፊኒክስ አካባቢ ከተሞችን ፍሳሽ አጣርቶ ያቀዘቅዝበታል። የደቡብ አፍሪካው ኮበርግ አትላንቲክ ዳር፣ የግብፁ ኤል ዳባ ሜዲትራኒያን ዳር ናቸው። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ቦታ ስትመርጥ የውኃው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ የመሬቱ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ስምጥ ሸለቆው እንዳልተኛ አይተናል።

ትልቁ ዕዳ ግን አገልግሎቱን የጨረሰው ነዳጅ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሪአክተር በዓመት ከ20 እስከ 30 ቶን ያወጣል። ከፊሉ በመቶ ዓመታት ይዳከማል፤ ፕሉቶኒየም 239 ግን ግማሹ እስኪጠፋ 24 ሺህ ዓመት ይፈልጋል። መጀመሪያ ለዓመታት ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ወፍራም ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያስ? የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ልረከብ ብሎ ውል ገብቶ ነበር። ዛሬም ወደ 90 ሺህ ቶን የሚጠጋው በየማመንጫው ግቢ ቆሟል፤ መንግሥትም በፍርድ ቤት እየተሸነፈ ለኩባንያዎቹ ካሳ ይከፍላል።

መልሱን ጨርሰው የሄዱበት ፊንላንዶች ናቸው። ቀድሞ ከሎቪሳ ማመንጫቸው የሚወጣውን ወደ ሩሲያ ይልኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ሕግ ግን መላክን ከለከለ። የዩራዮኪ ወረዳ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ማከማቻውን በ20 ድምፅ ለ7 ተቀበለ። አሁን ከ400 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ዐለት ውስጥ ዋሻው ተቆፍሮ ነዳጁን ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ጥቅል በመዳብ ይታሸጋል፣ ዙሪያውም ውኃ በማያሳልፍ የሸክላ አፈር ይሞላል። የወጪው ገንዘብ የሚመጣው ማመንጫዎቹ ገና መብራት እየሸጡ ሳሉ ከሚያስቀምጡት ፈንድ ነው።

በኤል ዳባ ውል ሩሲያ ነዳጁን ለማመንጫው ዕድሜ ሙሉ ታቀርባለች፣ ላገለገለውም ማከማቻ ትሠራለች። የኢትዮጵያው የግንባታ ውል ሲወጣ ከሜጋ ዋቱና ከብድሩ ወለድ በፊት የምፈልገው ያገለገለውን ነዳጅ ማን ይረከባል የሚለውን አንቀጽ ነው። ሩሲያ ትወስደዋለች ቢልም እንኳ ቀጣዩን መስመር ማንበብ ያሻል፦ እዚያ ተፈትቶ ጠቃሚው ከተለየ በኋላ የሚተርፈው ዝቃጭ ወደ ላኪው አገር ይመለሳል የሚል ሊኖርበት ይችላል።