አውቶማቲኩ ቪፒኤን ለምን አልገናኝም ይላል?

ከቢሮ ውጭ ሆኖ የመሥሪያ ቤትን ሰነድ መክፈት ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። ይህን ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ ቪፒኤን በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ምናባዊ የግል ኔትወርክ ነው። በብዙ የሥራ ኮምፒዩተሮች ላይ ግንኙነቱ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ በራሱ እንዲጀምር ተደርጎ ይዘጋጃል። አሠራሩ ምቹ ቢሆንም አንድ አደጋ አለው። በእጅ የሚጀመር ግንኙነት ሲሰናከል ተጠቃሚው ወዲያው ያውቃል፤ በራሱ የሚጀምረው ግን በዝምታ ሊቀር ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው በተጠበቀ መሥመር የሚሠራ እየመሰለው መረጃውን ያለዚያ ጥበቃ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ግንኙነቱ እንዴት እንደሚመሠረትና በየት በኩል እንደሚሰናከል ማወቅ ለኔትወርክ ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ቪፒኤን ምንድን ነው?

በኢንተርኔት ላይ የሚጓዝ መረጃ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ የላኪውም የተቀባዩም ባልሆኑ ብዙ ራውተሮች በኩል ያልፋል። ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት ከኮምፒዩተሩ ሳይወጣ በምስጢራዊ ቁልፍ ይመሰጥረዋል፤ ከዚያም በሌላ ፓኬት ውስጥ አሽጎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ይልከዋል። ነገሩ የታሸገን ደብዳቤ በሌላ ፖስታ ውስጥ እንደ ማስገባት ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው የሚያነበው የውጭውን አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ ፖስታውን ከፍቶ የውስጡን ደብዳቤ ለባለቤቱ የሚያደርሰው ሰርቨሩ ነው። በመሆኑም በቤቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ኮምፒዩተር በቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።

«በራሱ መገናኘት» ማለት ምን ማለት ነው?

አውቶማቲክ የሚለው ቃል ነገሩ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚፈጸም ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ግንኙነቱ የሚፈጸመው ተከታታይ ጥያቄዎች ሁሉ «አዎን» የሚል መልስ ሲያገኙ ነው። በራሱ እንዲጀምር ተፈቅዷል ወይ? ኮምፒዩተሩ ያለው ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ውጭ ነው ወይ? ኢንተርኔት አለ ወይ? የሰርቨሩ ስም ወደ አይፒ አድራሻ ተተርጉሟል ወይ? መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ሁለቱ ወገኖች ማንነታቸውን አረጋግጠዋል ወይ? አንዱ ጥያቄ «አይደለም» የሚል መልስ ካገኘ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ስለዚህ ችግር ፈላጊው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተበጠሰውን የመጀመሪያ ቀለበት መፈለግ ይኖርበታል።

ቀላሉን አስቀድሞ መመርመር

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ተጠቃሚው አውቶማቲኩን ግንኙነት በእጁ ካቋረጠ፣ ኮምፒዩተሩ ይህን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ከዚያ በኋላ በራሱ መገናኘቱን ሊተው ይችላል። መፍትሔው በቪፒኤኑ ገጽ ላይ «በራስህ ተገናኝ» የሚለውን ምርጫ መልሶ ምልክት ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የኢንተርኔቱ ሁኔታ ነው። በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ የዋይ ፋይ ምልክት መታየቱ ኢንተርኔት መኖሩን አያረጋግጥም፤ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሞላ የመግቢያ ገጽ አለ። ኮምፒዩተሩ ከቪፒኤን ውጭ ምንም መረጃ እንዳያሳልፍ ታዝዞ ከሆነ ደግሞ ይህ ገጽ ራሱ ሊከፈት አይችልም። ቪፒኤኑ ገጹን ይጠብቃል፤ ገጹም ቪፒኤኑን ይጠብቃል።

ሰርቨሩ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ጥሩ ሙከራ ኮምፒዩተሩን ሳይነኩ ኔትወርኩን ብቻ መለወጥ ነው። በቤት መሥመር እምቢ ያለው ግንኙነት በስልክ ኢንተርኔት ከሠራ፣ ስሕተቱ ከኮምፒዩተሩና ከሰርቨሩ ይልቅ በቤቱ መሥመር ላይ ነው ማለት ነው። በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሲለወጥ መልሱ ግልጽ ይሆናል።

ሰዓት የሚያስከትለው መዘዝ

ብዙዎች የማይጠረጥሩት የችግር ምንጭ የኮምፒዩተሩ ሰዓትና ቀን ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጠው በዲጂታል ሰርቲፊኬት ሲሆን፣ ሰርቲፊኬቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሠራ ተጽፎበታል። ኮምፒዩተሩ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ቢሞላ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ዘንድሮ የተሰጠው ሰርቲፊኬት ገና ያልደረሰ ሆኖ ይታየዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 7:00 የሚለውን 1:00 ብሎ ማስተካከልም ሰዓቱን በ6 ሰዓት ያዛባዋል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርበሮስ የተባለው ፕሮቶኮል ደግሞ በተለመደው አቀማመጡ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነትን አይታገሥም።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክምም፣ ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ በተነጠለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ነገሩን የሚያወሳስበው ብዙ የሥራ ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር መሆኑ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ቪፒኤኑ ሲሆን፣ ቪፒኤኑም ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። ይህን ክብ የሚሰብረው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን በእጅ ማስተካከል ነው። የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል።

የስሕተት ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

ዊንዶውስ የሚያሳያቸው ቁጥሮች ሰንሰለቱ በየት እንደተበጠሰ ይጠቁማሉ። 868 የሰርቨሩ ስም ወደ አድራሻ አለመተርጎሙን ያመለክታል። 809 ሰርቨሩ መልስ አለመስጠቱን ሲገልጽ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ነው፤ ለምሳሌ አይኬኢቪ2 የተባለው ፕሮቶኮል በዩዲፒ 500 እና 4500 ፖርቶች ስለሚጠቀም፣ እነዚህ ከተዘጉ መገናኘት አይችልም። 13801 የሰርቲፊኬት ማረጋገጫ ተቀባይነት ማጣቱን ይናገራል። 691 ሲታይ ደግሞ በቅድሚያ የተጠቃሚ ስምንና የይለፍ ቃልን መመርመር ይገባል፤ በተለይ የይለፍ ቃሉ በቅርቡ ተለውጦ አሮጌው በኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ከሆነ።

ተገናኝቶ የማይሠራ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ እየታየ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ አይከፈትም። አንዱ ምክንያት የአድራሻ መመሳሰል ነው። የቤቱም ራውተር የቢሮውም ኔትወርክ በ192.168.1 የሚጀምሩ አድራሻዎችን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ቢሮ ያለውን ሰርቨር በቤት ውስጥ ሲፈልግ ይቀራል። ሌላው የፓኬት መጠን ነው። በኢተርኔት መሥመር ላይ የተለመደው የፓኬት ጣሪያ 1,500 ባይት ሲሆን፣ የውጭው ፖስታ የራሱን ቦታ ስለሚወስድ ለውስጡ የሚቀረው ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ በትክክል ካልተስተካከለ ትናንሽ መልእክቶች ሲያልፉ ትላልቆቹ በመንገድ ይቀራሉ፤ የመግቢያው ገጽ ተከፍቶ ሰነዱ ግን ሳይወርድ ይቆማል።

ሊደረግ የማይገባው

ተስፋ የቆረጠ ተጠቃሚ ፋየርዎሉን ያጠፋል፤ የሰርቲፊኬት ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «እሺ» ብሎ ያልፋል፤ ወይም ባለቤቱ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ይጭናል። ይህ መቆለፊያው አስቸገረ ብሎ በሩን እንደ መንቀል ነው። የሰርቲፊኬት ማስጠንቀቂያ የሰዓት ስሕተት ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሰርቨሩን መስሎ በመሀል መግባቱን የሚነግረን ምልክትም ይኸው ነው። ሁለቱን ለመለየት በመጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሎ እንደገና መሞከር ይገባል። ማስጠንቀቂያው ከዚያም በኋላ ካልጠፋ ሥራውን አቁሞ የስሕተት ቁጥሩን፣ ችግሩ የታየበትን ሰዓትና የተሞከረበትን ኔትወርክ ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ማስረከብ ተገቢ ነው። ባለሙያው በእነዚህ ሦስት መረጃዎች የሰርቨሩን መዝገብ አገላብጦ ጥያቄው እስከ የት እንደደረሰ ማየት ይችላል።