አፈር በገንዘብ ይገዛል እንዴ? የአትክልት መደባችንን በምን እንሙላው?



ባለፈው ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት አንድ ተማሪያችን መጣና «ቲቸር፣ አባዬ አፈር ገዝቶ መጣ። አፈር ውጪ ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን ይገዛል?» ብሎ ጠየቀኝ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! እናቴም ከአገር ቤት የመጣች ጊዜ መኪናው ላይ የተጫነውን ከረጢት አይታ «አፈርም ይሸጣል? ጉድ እኮ ነው!» ብላ ስቃብኛለች። እስቲ ዛሬ ይህን ጥያቄ አብረን እንመልሰው።

መደቡ ለምን ከፍ ይላል?

እኛ በምንኖርበት በፎልስ ቸርችና በአካባቢው ያለው አፈር አብዛኛው ሸክላ የበዛበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ይዞ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። በዚያ ላይ ቤት ሲሠራ ማሽኑ ለሙን የላይኛውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል፣ የቀረውንም ጠቅጥቆታል። የአትክልት ሥር እዚያ ውስጥ መተንፈስ ይከብደዋል። ለዚህ ነው ሰዎች በጣውላ ከብበው ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ የሚሠሩት።

ይህ ዘዴ የአሜሪካኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ በሚባለው አካባቢ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ገበሬው በበሬ ካረሰ በኋላ ሴቶችና ልክ እንደናንተ ያሉ ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊ መደብ ያወጣሉ፣ በመሃል በመሃሉ ቦይ ይተዋሉ። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ እህሉ መደቡ ላይ ይበቅላል። ሥራው ወገብ የሚሰብር ስለሆነ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ የሚያወጣ፣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርተዋል።

የግቢያችንን አፈር ብንሞላበትስ?

አንዳንዴ ይቻላል። ግን መጀመሪያ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ እሱም እርሳስ ነው። የምትጽፉበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም! የሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። እኔ የምለው ብረቱን፣ ሊድ የሚባለውን ነው። በአሜሪካ እስከ 1978 ድረስ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። በመኪና ቤንዚን ውስጥም ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1996 ነው። የአሮጌ ቤት ቀለም ሲላጥ ግድግዳው ሥር ይወድቃል፣ አፈሩ ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። እርሳስ የሚጎዳው ከሁሉ በላይ የትናንሽ ልጆችን አእምሮ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 በመኖሪያ ግቢ አፈር ውስጥ ለጥንቃቄ የሚያየውን የእርሳስ መጠን ከ400 ወደ 200 (ከሚሊዮን እጅ) ዝቅ ያደረገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ መደቡን ከግድግዳው አርቁት፣ አፈሩንም አስመርምሩ። የአፈር መላኪያ ሣጥኑ ከቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን ቢሮ ይገኛል፤ ናሙናው ብላክስበርግ ወደሚገኘው ቨርጂኒያ ቴክ ይላካል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተለመደው ምርመራ የሚነግራችሁ የአፈሩን አሲድነትና የምግቡን ይዘት ነው። የእርሳስ ምርመራ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ምን ምን እንቀላቅል?

ቀላሉ መልስ ይኸውላችሁ፦ ሁለት እጅ የላይ አፈር (ቶፕሶይል)፣ አንድ እጅ ኮምፖስት። እኩል በእኩል ማድረግም ይቻላል።

አፈሩ ክብደት ይሰጣል፣ ሥሩን ይይዛል፣ ውሃም ቶሎ አያጣም። ኮምፖስቱ ደግሞ ምግቡ ነው። አገር ቤት የጓሮ ጎመን ለምን እንደዚያ እንደሚያምር አያቶቻችሁን ጠይቁ። ፍጉም፣ አመዱም፣ የወጥ ቤቱ ጥራጊም የሚደፋው ጓሮ ነዋ!

«ታዲያ ኮምፖስት ጥሩ ከሆነ እሱን ብቻ ብንሞላስ?» ትሉ ይሆናል። አይሆንም። ኮምፖስት መበስበሱን ስለማያቆም መደቡ ይሰምጣል፤ ጨውና ፎስፈረስም ሊበዛበት ይችላል። ወጥ ላይ በርበሬ ጥሩ ነው ተብሎ በርበሬ ብቻ አይበላም።

ከረጢት ስትገዙ ደግሞ «ቶፕሶይል» የሚለው ስም ብቻውን ጥራት አያረጋግጥም። መጀመሪያ አንድ ብቻ ገዝታችሁ ክፈቱት። ጥሩ አፈር ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል፣ በእጅ ሲጨብጡት ይያያዛል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ቢሸትታችሁ ወይም እንጨት ብቻ ቢሆን መልሱት።

ትንሽ ሒሳብ

የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ሳልል አላልፍም። መደባችን ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ስፋቱ 4 ጫማ፣ ከፍታው 1 ጫማ ይሁን። (ስፋቱ 4 የሆነው አንድ ልጅ ከሁለቱም ወገን መደቡን ሳይረግጥ መሃሉ እንዲደርስ ነው።)

8 × 4 × 1 = 32 ኪዩቢክ ጫማ።

ለ3 ስናካፍለው ኮምፖስቱ ወደ 11፣ አፈሩ ወደ 21 ይሆናል። የአፈሩ ከረጢት 0.75 ኪዩቢክ ጫማ ከሆነ 29 ከረጢት ያስፈልገናል ማለት ነው! ስለዚህ መደቡ ሁለት ሦስት ከሆነ በመኪና በያርድ ማስመጣት ይረክሳል። አንድ ኪዩቢክ ያርድ 27 ኪዩቢክ ጫማ ነው።

የእኔ ጥፋት

መጀመሪያ መደብ የሠራሁ ዓመት ገንዘብ ላለማውጣት ብዬ የፈረስ ፍግ በነጻ አምጥቼ ሞላሁበት። ልጄ በእጇ የተከለችው ቲማቲም ግን በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ተጨማድዶ እንደ ጥፍር ታጠፈ። ውሃ አንሶት መስሎኝ ውሃ ጨመርኩ። ባሰበት። እሷ «ምን አድርጌው ነው?» ብላ ስታለቅስ የምላት አጣሁ።

ኋላ ነው የገባኝ። አሚኖፒራሊድን የመሰሉ የአረም ማጥፊያዎች በድርቆሽ ማሳ ላይ ይረጫሉ። ሣሩን አይነኩትም፣ ፈረሱንም አያሳምሙትም፤ ግን በሆዱ አልፈው ፍጉ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ባቄላ ደግሞ አይችሏቸውም። ጥፋቱ የልጄ ሳይሆን የኔ ነበር፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ። መደቡን እንደገና በአካፋ ባዶ አደረግነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው!

አሁን እኔና ልጄ ፍግም ሆነ አዲስ ኮምፖስት ሲመጣ ፈተና እንሰጠዋለን። እናንተም ሞክሩት፦

1. ሦስት ኩባያ በንጹሕ የዕቃ አፈር (ፖቲንግ ሚክስ) ሙሉ።
2. ሌሎች ሦስት ኩባያዎች በንጹሕ አፈርና በአዲሱ ኮምፖስት ድብልቅ ሙሉ።
3. በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት የባቄላ ፍሬ ዝሩ፣ ውሃ አጠጡ።
4. ሦስት ሳምንት ጠብቁ። የሁለተኛዎቹ ቅጠል ብቻ ከተጨማደደ ያ ኮምፖስት መደብ ውስጥ አይግባ።

ጥሬ ፍግም ጀርም ስላለው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፈር ለሚነካ እንደ ሰላጣና ካሮት ላለ አትክልት ከመልቀሙ 120 ቀን፣ አፈር ለማይነካ 90 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት።

በነጻ የሚገኝስ የለም?

አለ፤ ቅጠል! በመጸው የወደቀ ቅጠል ሲበሰብስ መሬት ይወደዋል። የፎልስ ቸርች ከተማ ከየደጃፉ ቅጠል ይሰበስባል፣ ከተማውም ፌርፋክስ ካውንቲም ለነዋሪዎቻቸው ጉዝጓዝ ይሰጣሉ። ግን አድራሻችሁን እዩ፤ ፖስታችን «ፎልስ ቸርች» የሚል ብዙዎቻችን የምንኖረው በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ግን ከላይ አልብሱት እንጂ ከአፈሩ ጋር አታደባልቁት፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአትክልቱ ይሻማል።

እነ ስካይላይን አፓርታማ ያላችሁ ልጆችም አትዘኑ። በረንዳ ላይ አንድ ባልዲ ለቃሪያ ይበቃል። ታቹን ብሱት፣ የምትሞሉት ግን በፖቲንግ ሚክስ ይሁን፤ ቶፕሶይል ባልዲ ውስጥ ይጠጥራል።

የቃላት መፍቻ
መደብ፦ አትክልት የሚተከልበት ከፍ ያለ ቦታ
ዋልካ፦ ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር
ፍግ፦ የከብት ወይም የፈረስ እበት
ጉዝጓዝ፦ በአፈር ላይ የሚነጠፍ ቅጠል ወይም ሣር

ጥያቄ
1. ርዝመቱ 6፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 1 ጫማ የሆነ መደብ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል? ኮምፖስቱስ ስንት ይሆናል?
2. አያታችሁን ወይም እናታችሁን «ጓሯችሁ ውስጥ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና በአማርኛ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።

መልካም ሳምንት!