ጎረቤት ሳያስበው በመኪና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ስለ ካሣው

በአገራችን ጎረቤታሞች የሚካሰሱበት ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከብትህ ሰብሌን በላ፥ ወሰኔን ገፋህ፥ የመስኖ ውሃዬን ጠለፍህ የሚል ነው። አሁን ግን በዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም በደጅ የቆመ መኪና ነው። መኪናው ለባለቤቱ ብዙ ጊዜ የዕለት እንጀራው ሲሆን፥ ለጎረቤቱ ደግሞ በልጁ፥ በከብቱ ወይም በቤቱ ምክንያት ሳያስበው ዕዳ የሚያመጣበት ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ማን ይከፍላል? ምን ያህልስ ይከፍላል? ጉርብትናውስ እንዴት ይጠበቃል? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ለምርመራችን መነሻ ያደረግናት ቦታ አሊዩ አምባ ናት። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፥ ደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ይሰበሰብባት የነበረች ታላቅ ገበያ ነበረች። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ የመሩት የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሡ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከቆላ የመጣው ግመል ጭነቱን እዚህ ያራግፋል፤ ዳገቱን የሚወጣው በቅሎና አህያ ነው። ስለዚህ የጭነት ከብትና የሰው ደጃፍ በጠባብ መንገድ መገናኘታቸው ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ደግሞም አርጎባውና አማራው፥ እስላሙና ክርስቲያኑ በጉርብትና የሚኖሩበት አገር ስለ ሆነ፥ ስለ ካሣ ያለውን የሁለቱንም ወገን አሳብ ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስቀድም። አንድ ወጣት ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደርበትን ፒካፕ መኪና በገበያ ቀን በቤቱ ደጃፍ አቁሟል እንበል። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት ባልቴት የባሕር ዛፍ አጣና በአህያ ጭነው ሲያልፉ፥ አህያይቱ ደንብራ ወደ መኪናው ተጠጋች፤ የአጣናው ጫፍ ስፖኪዮውን ሰበረው፥ በሩንም ከዳር እስከ ዳር ፋቀው። ባልቴቲቱ ደንግጠው «ልጄ፥ ምን ይሻለኛል?» አሉ። ወጣቱም እናቱን የሚያህሉ ሰው ናቸውና «ግድ የለም እትዬ፥ አይጨነቁ» አለ። በማግሥቱ ጋራዥ ሄዶ የላሜራውን፥ የስቱኮውንና የቀለሙን ዋጋ ሲሰማ ግን እንቅልፍ አጣ። ከፍዬ ልተወው ቢል ከበደው፤ ልጠይቅ ቢል ቃሉ አሰረው። አብዛኛው ቅያሜ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጉዳቱ አያጣላም፤ የሚያጣላው የማን ዕዳ እንደ ሆነ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

1. ስለ ቀድሞው አሳብ

መኪና ከመምጣቱ በፊት የነበረው ጥያቄ ስለ ከብት ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደ ተደነገገው፥ የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ቢገድል፥ በሕይወት ያለው በሬ ተሽጦ ዋጋው ለሁለት ይከፈላል፤ የሞተውንም እንዲሁ ይካፈላሉ። በሬው ግን ከዚያ በፊት አዋጊ መሆኑ ታውቆ ሳለ ባለቤቱ ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ በሬውን በበሬ ይተካል። እንግዲህ ጥፋት የሌለበት አደጋ በሆነ ጊዜ ጉዳቱን ሁለቱ እኩል ይሸከሙታል፤ ቸልተኝነት ሲኖር ግን ቸል ያለው ብቻውን ይሸከመዋል ማለት ነው።

በእስልምናም በኩል ቁርኣን በሱረቱል አንቢያ ነቢዩ ዳውድና ነቢዩ ሱለይማን በሌሊት ሰው እርሻ ስለ ገቡ በጎች የፈረዱትን ያነሣል። ተርጓሚዎች እንደሚያስረዱት የሱለይማን ፍርድ የሚከተለው ነበር። በጎቹ ለባለ እርሻው ይሰጡና ወተታቸውንና ጠጉራቸውን ይጠቀም፤ ባለ በጎቹ እርሻውን አልምቶ እንደ ቀድሞው ባደረገው ጊዜ ግን እያንዳንዱ ንብረቱን ይመልስ የሚል ነው። ከዚህም ሌላ በብዙዎቹ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ በቀን እርሻውን መጠበቅ የባለ እርሻው፥ በሌሊት ከብቱን መጠበቅ የባለ ከብቱ ግዴታ ነው።

ከሁለቱም ወገን የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሁለቱም «ክፉ ሰው ማን ነው?» ብለው አይጀምሩም፤ «ጉዳቱን ማን ቢሸከመው ይቀላል? መጠበቅ የሚገባውስ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። የአገራችን ሽማግሌዎች «አንተም ትንሽ ተው፥ አንተም ትንሽ ክፈል» የሚሉት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

2. ስለ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ

ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። ይህ ሕግ በውስጡ ስለ ተደነገጉት ጉዳዮች ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ልማድ በቁጥር 3347 ሽሮታል። ስለዚህ በግማሽ የመካፈል ልማድ ዛሬ ሰውን በግድ የሚያስር ሕግ አይደለም። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኀላፊነት የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2027 ይጀምራል፤ ለያዝነው ጉዳይም ጉዳቱን በአራት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ጎረቤቱ ራሱ በእጁ ያደረሰው ጉዳት ነው። ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ መኪናው ላይ ቢወድቅ፥ ወይም ድንጋይ ሲፈልጥ ፍንጣሪው መስታወቱን ቢሰብር፥ የሚጠየቀው ጥፋት ያደረገ እንደ ሆነ ነው። ጥፋት ማለትም ሆን ብሎ መጉዳት ብቻ አይደለም፤ አስተዋይ ሰው ያደርገው የነበረውን ጥንቃቄ አለማድረግም ጥፋት ነው። «አላሰብሁትም» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ሁለተኛ፥ እንስሳ ያደረሰው ጉዳት ነው። በቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳው ባለቤት እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆንም እንኳ ኀላፊ ነው፤ ጥፋት እንዳደረገ ማስረዳት አያስፈልግም። እንስሳውን ተከራይቶ ወይም ተውሶ የያዘው ሰውም ይጠየቃል። ነገር ግን በቁጥር 2073 አንድ መውጫ ተቀምጧል። የቤት እንስሳ ባለቤት በእርሱም ሆነ ኀላፊ በሆነለት ሰው በኩል ጥፋት ከሌለ፥ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቆ ከዕዳው መዳን ይችላል። ይህ ከቀድሞው አሳብ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ያስተውለዋል። ከጥቅሙም ጋር ችግር አለበት፤ የመኪና በር ማሳደሻ ከአንዲት አህያ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል፥ አህያይቱ ግን የባልቴቲቱ ብቸኛ መተዳደሪያ ልትሆን ትችላለች። ሕጉ የፈቀደውን ሁሉ መውሰድ ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ቤት ያደረሰው ጉዳት ነው። ነፋስ የጎረቤትን ጣራ ቆርቆሮ ገንጥሎ መኪና ላይ ቢጥለው፥ በቁጥር 2077 የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም እንኳ። ቆርቆሮውን እንዲጫን የተቀመጠ ድንጋይ ተንከባሎ ቢወድቅ ግን፥ ከቤት ስለሚወድቅ ዕቃ በቁጥር 2080 እንደ ተደነገገው የሚጠየቀው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። ተከራይና አከራይ ይህንን ልዩነት ቢያውቁት መልካም ነው።

አራተኛ፥ ልጅ ያደረሰው ጉዳት ነው። ልጅ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ወይም ኳስ ሲጫወት መስታወት ቢሰብር፥ አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ አባት እንደሚጠየቅ ቁጥር 2124 ይናገራል። ይሁን እንጂ ጉዳት አድራሹ የሥራውን ክፋት ለመገንዘብ የማይችል እንደ ሆነ፥ ዳኛው የሁለቱን ወገኖች የገንዘብ አቅም ተመልክቶ ካሣውን መቀነስ ይችላል።

የካሣው መጠን በመሠረቱ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። የማሳደሻው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መኪናው ቆሞ በመዋሉ የቀረው ገቢም ከተረጋገጠ ይቈጠራል። በሌላ በኩል ባለ መኪናው ራሱ ያጠፋው ነገር ካለ ካሣው ይቀነሳል። በምሳሌያችን ወጣቱ መኪናውን የጭነት ከብት በሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ በገበያ ቀን አቁሞ ከሆነ፥ ጉዳቱን በሙሉ ከባልቴቲቱ መጠየቅ አይገባውም። ደግሞም ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። «ዛሬ ነገ» እየተባባሉ ይህንን ጊዜ የሚያሳልፉ ጥቂቶች አይደሉም።

3. ስለ ኢንሹራንስ

ብዙ ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይተማመናል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፥ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የተደረገው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው እንጂ ጎረቤት በመኪናው ላይ ላደረሰው አይደለም። ለዚህ የሚያገለግለው ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ቁጥር 683 እንደ ተጻፈው፥ ካሣ የከፈለው ኢንሹራንስ በባለ መኪናው እግር ተተክቶ ጉዳት ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ባለ መኪናው አስቀድሞ ጎረቤቱን «ምሬሃለሁ» ብሎ የኢንሹራንሱን መብት አበላሽቶ እንደ ሆነ ደግሞ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። እንግዲህ ከኢንሹራንስ ገንዘብ ተቀብሎ ጎረቤቴን ከዕዳ አዳንሁት ብሎ የሚያስብ ሰው፥ ሳያውቀው ለሌላ ባለ ዕዳ ሊያስረክበው ይችላል። ስለዚህ ከመማርም ከመጠየቅም በፊት ውሉን ማንበብ፥ ለኢንሹራንሱም ሳይዘገዩ ማስታወቅ ይገባል።

4. ስለ እርቅ

በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። ሰው ትልቁን ንብረቱን ቢያጣ እንኳ በአግባቡ ከተፈረደ ይጽናናል፤ ትንሹን ያለ አግባብ ሲወስዱበት ግን ያንገበግበዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለቱም ወገን ሕጉ የሰጣቸውን መብት አውቀው ቢቀመጡ ይሻላል እንላለን። ይቅር የሚል ሰው ምን ያህል እንደ ተወ ካላወቀ፥ ይቅርታው ውሎ አድሮ ቂም ይሆናል።

እርቅንም ሕጉ አልናቀውም። በቁጥር 3307 እንደ ተመለከተው ተከራካሪዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ነገር ለቀው ክርክራቸውን በስምምነት መጨረስ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለውም ስምምነት በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል። እንግዲህ በልማድ በግድ ሊጫን የማይችለው ግማሽ በግማሽ መካፈል፥ ሁለቱ ወደው ከተስማሙበት ሕጋዊ ይሆናል።

አሠራሩም በሚከተለው አኳኋን ቢሆን ይመረጣል። ጉዳቱ እንደ ደረሰ በቁጣም ሆነ በይሉኝታ የመጨረሻ ቃል አለመስጠት፤ «እትዬ፥ አይጨነቁ፤ ዋጋውን ልጠይቅና ተነጋግረን እንጨርሰዋለን» ማለት ይበቃል። መኪናው ሳይነሣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ያዩ ሰዎችን ማስታወስ፤ ጉዳቱን የማስረዳት ግዴታ የተጎዳው ሰው ነውና። ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ጋራዥ የዋጋ ግምት አስጽፎ መቀበል፤ ቀድሞ የነበረውን ጭረት ከአዲሱ ጋር አለመደባለቅ። ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ማስቀመጥና የተስማሙበትን በጽሑፍ ማድረግ፤ ምን እንደሚከፈል፥ መቼ እንደሚከፈል፥ ምን እንደ ተተወ ተጽፎ ሁለቱና ምስክሮች ይፈርሙበት። ይህ ሁሉ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ ግን ሁለት ዓመቱ ሳያልፍ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ነውር አይደለም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ወጣቱና ባልቴቲቱ ሽማግሌ ፊት ቢቀመጡ፥ ወጣቱ መኪናውን በመንገድ ላይ ማቆሙን አምኖ የቀረበትን ገቢና የቀለሙን ዋጋ ይተዋል፤ ባልቴቲቱም አህያይቱ ሳትወሰድባቸው የስፖኪዮውን ዋጋ አዝመራው ሲገባ በሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። በዚህ ዳኝነት ወጣቱ ሁሉንም አላገኘም፤ ባልቴቲቱም ሁሉንም አላጡም። ነገር ግን ሁለቱም የሰጡትንና የተቀበሉትን ያውቃሉ፤ በማግሥቱም ቡና ሲፈላ ለመጠራራት አይተፋፈሩም።

ከዚህ በላይ የጻፍነው ስለ አንድ መኪናና ስለ አንዲት አህያ ቢመስልም፥ አሳቡ በከተማም በገጠርም ላለ ጎረቤት ሁሉ የሚጠቅም ነው። መኪና በበዛ ቁጥር እንዲህ ያለው ጉዳት ይበዛል፤ ሕጉን የሚያውቅ ሽማግሌና እርቅን የሚያከብር ባለ መኪና ከኖሩ ግን ጠብ አብሮ አይበዛም።