በሥዕል የሚነበቡ ጣቢያዎች

አንባቢዎች! ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት መንገድ እንዴት ታውቁ ነበር? «ወንድሜ፣ ይህ አውቶቡስ ወዴት ነው የሚሄደው?» እያላችሁ ትጠይቁ አልነበረም? በሩቋ አገር በሜክሲኮም እንዲሁ ነበር።

የሜክሲኮ ዋና ከተማ ሜክሲኮ ሲቲ ትባላለች። ሕዝቧ በዛ። መንገዷ በመኪና ተጨናነቀ። ስለዚህ በ1967 መሬቱ መቆፈር ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1969 የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ጀመረ። መስመሩ 16 ጣቢያዎች ነበሩት።

ግን አንድ ችግር ነበር። በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችለው ሰው ብዙ ነበር። ከምድር በታች ደግሞ ዛፍ ወይም ሕንጻ አይቶ መውረጃን መለየት አይቻልም። ታዲያ ምን ተደረገ? ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጋር ሥዕል ተሰጠው።

ቻፑልቴፔክ በጥንቱ የአገሩ ቋንቋ «የፌንጣ ኮረብታ» ማለት ነው። ሥዕሉም ፌንጣ ነው። መርሴድ ትልቅ ገበያ ያለበት ሰፈር ነው። ሥዕሉ ፖም የሞላበት ሣጥን ነው። ገበያ የሚሄዱ እናት «የፖሙ ሣጥን ጋ እወርዳለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ማንንም መለመን የለባቸውም።

በ1989 ጓዳላሃራ፣ በ1991 ሞንቴሬይ የሚባሉት ትልልቅ ከተሞች የከተማ ባቡር አገኙ። እነሱም ጣቢያዎቻቸውን በሥዕል ለዩ። በዋና ከተማዋ ዛሬ 12 መስመሮችና 195 ጣቢያዎች አሉ።

ሥዕል ብቻውን ግን አይበቃም። በ2022 የመጀመሪያው መስመር ገሚሱ ለእድሳት ተዘጋ። መርሴድም አብሮ ተዘጋ። የፖም ሣጥን «መርሴድ እዚህ ነው» ይላል እንጂ «ተዘግቷል፤ በአውቶቡስ ሂዱ» ማለት አይችልም። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ ነው። ሥዕል ያደርሳል፤ ፊደል ግን ያስረዳል።

በሜክሲኮ ሲቲ በ1980 የተከፈተ አንድ ጣቢያ አለ። ሥዕሉ የአንበሳ ራስ ነው። ስሙስ? «ኢትዮጵያ» ነው! ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን ተቃውማ ከጎናችን ቆማ ነበር። በ2015 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ባቡር መስመር ላይም «ሜክሲኮ» የሚባል ጣቢያ አለ።

እዚያ ስትደርሱ ማንንም አትጠይቁ። ስሙን ራሳችሁ አንብቡት።